ከኒም ዛፍ ሥር የቆመች ቮልስ፦ ሳትለኪ አታስፈቺ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ አባታችን ትቶልን ያለፈው 1300 ቮልስ ግቢያችን ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ከቆመች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ሞዴሏ እንደ ፈረንጆቹ 1968 ነው። ልጅ ሆነን ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ የምንወጣው በሷ ነበር። መምህር ነኝ። በእጄ ያለው 150 ሺህ ብር ነው። አንድ ጋራዥ ‹ሞተር ወርዶ ካልተሠራ አይሆንም፣ 90 ሺህ› አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ‹መጀመሪያ ቀለም ትቀባ፣ መልክ ታግኝ› ይላል። ከየት ልጀምር? ለታኅሣሥ ትደርስልኝ ይሆን?»

እህቴ፣ ወንድምሽንም ጋራዡንም አልቀየማቸውም። ግን ሁለቱም መኪናዋን ሳይለኩ ነው የተናገሩት። ከቀለም ብትጀምሪ ብሩ አልቆ የማትሄድ ቆንጆ መኪና ይኖርሻል። ከሞተር ብትጀምሪ ደግሞ የምትሄድ ግን የማትቆም መኪና። የመጀመሪያው ሳምንት የመለኪያ ሳምንት ይሁን። ለዚህ የሚያስፈልግሽ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ማግኔት፣ አንድ ባትሪ እና የሚያውቅ ሰው ግማሽ ቀን ነው።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱ። አቦ፣ ይሄን ስንቱ ይረሳዋል! ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር የኋላውን መቀመጫ ስታነሺ መሐል ላይ ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው፤ በጨርቅና በቤንዚን ካልጠረግሽው አይታይም። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሞተሯ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ተቀይሮ ካልተመዘገበ ቦሎ ልታወጪ ስትሄጂ ያኔ ትቸገሪያለሽ። ሊብሬው አሁንም በአባትሽ ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት ቀድመሽ ያዢ። ወረቀት ጊዜ ይፈጃል። መካኒኩ እየሠራ ወረቀቱም ጎን ለጎን ይሂድ።

አሁን ካቻቢቴውን ያዢ። የኋላ መቀመጫውን አንሺ። በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል አለ። የባትሪ አሲድ ለዓመታት የሚንጠባጠበው እዚያ ላይ ነው። ካቻቢቴውን ጠበቅ አድርገሽ ውጊው። ጭው የሚል የብረት ድምፅ ከሰጠሽ ጥሩ ነው። እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርክስክስ ካለ ግን ያ ወለል ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል። ይሄ አያስፈራሽ፤ ባትሪው ሥር ብቻ ከሆነ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቀጥለሽ ከበሩ ሥር ያለውን ቦክስ ዙሪያውን ውጊው። ይህ ቦክስ ከሞተር የሚመጣውን ሞቃት አየር ወደ ጋቢና የሚያሳልፈው ነው። ቦዲውን ከወለሉ ጋር አቅፎ የሚይዘውም እሱ ነው። እሱ ከበሰበሰ በሩ ሲከፈት ይወርዳል፤ ሲዘጋም ገፍተሽ አንስተሽ ነው። ሁለቱም ጎን ከበሰበሰ በ150 ሺህ ብር አትጀምሪ። እውነቴን ነው። እንዳለች ለሚፈልጋት ሰው ሽጫት።

ማግኔቱ የተጎዳ ቦዲ ለሚደፈንበት ለስቱኮ ነው። ፓራፋንጎው ላይ፣ በሩ ግርጌ ላይ፣ ኮፈኑ አፍንጫ ላይ አስጠጊው። ቆርቆሮ ካለ ይይዛል፤ ስቱኮ ብቻ ከሆነ ይወድቃል። ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ተፈትቶ ሌላ ይገባል፤ እሱ አያሳስብሽ። የእኛ አገር አየር ደረቅ መሆኑም ጠቅሞሻል። ጅቡቲ ባሕር ዳር የኖረ መኪና ከሥር ሲታይ ያሳዝናል፤ የድሬ መኪና ግን ብዙ ጊዜ አጥንቱ ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ በ1998ቱ ጎርፍ ጊዜ የት ነበራችሁ? ቤታችሁ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ከነበረና ውኃ ነክቷት ከሆነ የካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት አስወርጂና እዪው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል ማለት ነው።

ኒሙም ጣጣ አለው። ጥላው ቀለሙን ከፀሐይ አድኖልሻል፤ በሌላ በኩል ቅጠሉ ከኋላ መስታወት ሥር ባሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ገብቶ ሞተሩ ላይ ተከምሯል። ዘጠኝ ዓመት ከቆመ ቮልስ ማራገቢያ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ያላገኘሁበት ቀን ትንሽ ነው። አንዴ ከአንዷ ያወጣሁት ቅጠል፣ ጥጥና የጫት ገረባ የጤፍ ማዳበሪያ ግማሽ ሞልቷል። ስለዚህ ማንም ሰው «እስኪ ባትሪ እንሰርና እንሞክራት» ቢልሽ እንዳትሰሚው። ማራገቢያው ሳይጸዳ ያቺ ሞተር መነሳት የለባትም።

እንዴት ትነሳ? ካንዴላዎቹ ይወጡ። በአራቱም ቀዳዳ አንድ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይግባና ሌሊቱን ይደር። በማግሥቱ በ30 ቁልፍ የክራንክሻፍቱን ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ በእጅ ያዙሩት። በእርጋታ ሁለት ዙር ከዞረ ግማሹ ጭንቀት አለቀ። ካልዞረ አይታገሉት፤ ዘይት ጨምረው ደግሞ ይደር።

እዚሁ ፑሌጃ ላይ ሳለሽ ማንም የማይከለክልሽን ምርመራ አድርጊ። በሁለት እጅሽ ያዢውና ወደ ራስሽ ሳቢው፤ መልሰሽ ወደ ሞተሩ ግፊው። መዞሩን ተዪው፤ የምትፈልጊው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መላወሱን ነው። ፋብሪካው የሚፈቅደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.15 መጨረሻው ነው። ያን ያህል በእጅ አይታወቅም ማለት ይቻላል። እጅሽ ላይ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ግልጽ መላወስ ካለ የዋናው ኩሽኔታ ነገር አልቋል፤ ያኔ ጋራዡ ሞተር ይውረድ ያለው ትክክል ነው። ዝም ካለ ግን 90 ሺህ ብርሽን ኪስሽ ውስጥ አቆዪው። እኔ ቮልስ ልገዛ ስሄድ ኮፈን ከፍቼ መጀመሪያ የምይዘው ይሄንን ነው። ሻጩ ስለ መቀመጫው ልብስ ሲያወራ እኔ ፑሌጃ እስባለሁ።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ይለካ። መለኪያ ያለው መካኒክ ጥሪ፤ ከሌለው ከጓደኛው ይዋስ። በአራቱም ሲሊንደር የወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ብቻ አያስደንግጥሽ፤ ለዓመታት የቆመ ሞተር የፒስተን ፋሻው ስለሚጣበቅ መጀመሪያ ላይ ደካማ ነው። ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ ይነሳል። የሚያሳስበው አንዱ ከሌሎቹ በጣም ማነሱ ነው። ባነሰው ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ ከወጣ ችግሩ ፋሻው ጋ ነው፤ ካልወጣ ቫልቩ ጋ። ቫልቭ ከሆነ የአንድ ጎን ቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ብቻ ተፈትቶ ይሠራል። ሙሉ ሞተር ማሠራትና አንድ ቴስታታ ማሠራት በዋጋ ሰማይና ምድር ናቸው። «ሞተር ይውረድ» የሚል ሰው የአራቱን ቁጥር ወረቀት ሊያሳይሽ ይገባል። ካላሳየሽ ገና አልለካም።

አሁን ብር የምታወጪበት ላይ ደረስን። የመጀመሪያው ብር የፍሬን ነው።

ዘጠኝ ዓመት የቆመ ፍሬን ፔዳሉ ደህና ቢመስልም አትመኚው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ፖምፓውን ከውስጥ ያዝገዋል። ላስቲኩም ይደርቃል። በግቢ ውስጥ ይይዝልሻል፤ ደንገጎን ስትወርጂ ግን ይከዳሻል። ዋናው ፖምፓ፣ በየጎማው ያሉት አራት ትናንሽ ፖምፓዎች፣ አራቱም የላስቲክ ቱቦዎች ይቀየሩ። ሸራው ዘይት ካልነካውና ውፍረት ካለው ይቆይ። ታምቡሩ ከተቦረቦረ ቶርኖ ቤት ይሂድ። በዚህ ድሬ ዕድለኛ ናት፤ ምድር ባቡር ያስተማራቸው ቶርኒተሮች ቢያረጁም ደቀ መዝሙሮቻቸው አሁንም አሉ። የባቡር ጎማ በቶርኖ ያስተካከለ እጅ የቮልስ ታምቡር አይከብደውም።

የኋላ ታምቡር ሲፈታና ሲታሰር አጠገባቸው ቁሚ። መሐል ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ባለ 36 ነው። ጥብቀቱ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ነው። ይሄን የሚለካ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ብዙ አይደለም፤ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ቁልፉ ላይ የብረት ቧንቧ ይሰካና አግድም ይሁን። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከዳዶው መሐል 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቀስ ብሎ ሙሉ ክብደቱን ያሳርፍበት። ያ በግምት 300 ነው። ከዚያ ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው ኮፒሊያ እስኪገባ ጥቂት ወደፊት ይጠብቅ፤ ወደ ኋላ ግን አይላላ። በመዶሻና በዓይን የታሰረ ዳዶ እየላላ የታምቡሩን ጥርስ ይበላዋል። አንድ ቀን ማርሽ አስገብተሽ ነዳጅ ትሰጫለሽ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ትቆማለች። በዚያው ጎን ፍሬንም የለሽም።

ሁለተኛው ብር የእሳት መከላከያ ነው። ይሄ ትንሽ ብር ነው፤ ግን ያቃጠለው ቮልስ ብዙ ነው። ከታንክ እስከ ካርቡሬተር ያለው የቤንዚን ላስቲክ በሙሉ ይቀየር፤ በሽቦ ሳይሆን በማጥበቂያ ቀለበት ይታሰር። ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባት ትንሽ የነሐስ ቱቦ አለች። ያረጀ ካርቡሬተር ላይ እሷ ላልታ ትወጣለች። ከሥሯ ደግሞ ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አለ። ቤንዚን ከላይ፣ ብልጭታ ከታች፤ ሌላውን አንቺው ጨርሺው። በጣትሽ ነቅነቅ አድርጊያት፤ ከተነቃነቀች ካርቡሬተሩ ሳይስተካከል አትነጂ። የቤንዚን ማጣሪያውም ሞተሩ ላይ ሳይሆን ከፊት ታንኩ ሥር ይግባ።

ሌላው የእሳት በር የኋላ መቀመጫው ነው። ባትሪው ከሥሩ ስለሆነ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ ባትሪው ራስ ላይ ያርፋል። መቀመጫው የተሞላው በደረቅ ጭረት ነው። ባትሪው በቁመቱ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ላዩ ላይ ወፍራም የላስቲክ ወይም የፕላስቲክ ክዳን ይደረግ፤ በማሰሪያውም ይታሰር። ለቁልቢ እናትሽንና አክስቶችሽን ከኋላ መጫንሽ አይቀርምና ይሄን አትርሺ። ባትሪ ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ አምፖሏን አውጪና አንብቢ፤ የ1968 1300 ባብዛኛው 12 ቮልት ናት፤ የቀድሞዎቹ ግን 6 ነበሩ። የተቀላቀሉ መኪኖች አይቻለሁ።

አሁን ወደምወደው ርዕስ ልምጣ፤ ስለ አየር።

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሰው ይሄን «ውኃ አትጠጣም፣ አትሞቅም» ብሎ ይተረጉመዋል። ተሳስቷል። የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ዲናሞው ጫፍ ላይ ያለው ማራገቢያ ሞተሩ በደንብ ሲዞር በሴኮንድ ወደ 500 ሊትር አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ይነፋል። ያ አየር በሥርዓት የሚሄደው ዙሪያውን ባሉት ጥቁር ቆርቆሮዎች ተመርቶ ነው። አንዷ ቆርቆሮ ከጎደለች፣ ወይም በቆርቆሮውና በቦዲው መካከል ያለው ላስቲክ ከተቀደደ፣ ከሥር ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው፣ የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ ይሳባል። ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ ይተነፍሳል ማለት ነው። አዲስ አበባ ብርድ ላይ ይሄ ለዓመታት ላይታወቅ ይችላል። ድሬ በግንቦት ግን አንድ ወር አይታገስም።

በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ የመጀመሪያዬን ቮልስ አወረድኩና መልሼ ገጠምኩ። ሲያልቅ ሁለት ትናንሽ ቆርቆሮና አንድ ክምር ላስቲክ ተረፈኝ። «ፈረንጅ ትርፍ ነገር ይወዳል» ብዬ ጥግ ወረወርኳቸው። በሳምንቱ ሦስት ሰው ጭኜ ወደ ሐረር ወጣሁ። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎን ስትወጪ ወደ 2,000 ትጠጊያለሽ። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ ጠመዝማዛው መሐል ስደርስ «ጧ!» አለ። ከዚያ ዝም። የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ራሱ ተቆርጦ ፒስተኑን በስቶታል። ያን ቀን ከአወዳይ ጫት አራግፎ ሲመለስ የነበረ አይሱዙ ጎትቶ አወረደኝ። ሹፌሩ እስከ ድሬ ድረስ እየሳቀብኝ ነበር።

ለምን 3ኛው? እሱ በግራ በኩል ከፊት ያለው ነው። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ልክ ከሱ በላይ ስለተቀመጠ አየሩ ሞቆና ቀንሶ ነው የሚደርሰው። ፋብሪካው በኋላ ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አውጥቶ አስተካክሎታል፤ የአንቺዋ ግን የቀድሞዋ ናት። ስለዚህ የ3ኛውን ነገር ልዩ ጉዳይ አድርጊው።

ቆርቆሮዎቹ ተቆጥረው ሁሉም ይኑሩ። ዙሪያው ላስቲክ አዲስ ይግባ፤ ብታጪ ሥራ የሚያውቅ ጎሚስታ ከከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ ይሠራልሻል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። የሞተር ኮፈን በእንጨት ደግፎ ከፍቶ መንዳት የሚሉት ፈሊጥ አለ። አልመክርም፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ ላስቲኩ ሳይኖር ኮፈን የሚከፍቱ ናቸው። የማራገቢያውን ቺንጋ በአውራ ጣትሽ መሐሉን ተጫኝው። ወደ 15 ሚሊ ገባ ካለ ልክ ነው። ሲላላ ዲናሞው ፑሌጃ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ቀለበቶች እየቀነሱ ያጠብቁታል፤ ሲፈቱት የተረፈችውን ቀለበት እዚያው ከውጭ ያስሯት እንጂ አይጣሏት። አንድ ትርፍ ቺንጋ ሁልጊዜ መኪናዋ ውስጥ ይኑር። እየነዳሽ ቀይ የቻርጅ መብራት ከበራ ዲናሞ ሞተ ብለሽ ቤት እደርሳለሁ አትበይ። ምናልባት ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል፤ ቺንጋ የለም ማለት ነፋስ የለም። ወዲያው አጥፊ።

ቫልቭም ይስተካከል። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ሌሊቱን አድሮ፣ ጠዋት። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሰጠው ክፍተት 0.10 ሚሊ ነው፤ ለኋለኞቹ 0.15 አድርጎታል። እኔ ለድሬ ሙቀት 0.15 ነው የምሰጠው። ትንሽ ይንጫጫል። ይንጫጫ! የሚንጫጫ ቫልቭ ይዘጋል፤ ዝም ያለ ቫልቭ ግን ብዙ ጊዜ ሳይዘጋ የሚቃጠል ነው። «ድምፁን አጥፉልኝ» ብለሽ እንዳታስጠብቂው።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው የምትይዘው። የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር ወንፊት ነው ያላት፤ ወንፊቱ በየዘይት ቅየራው ይታጠባል። መጽሐፉ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይላል። በእኛ አቧራ በ3,000 ቀይሪ። መጀመሪያ ከተነሳች በኋላማ በ200 ኪሎ ሜትር የመጀመሪያውን ዘይት ጣይው፤ የዘጠኝ ዓመት ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። የአየር ማጣሪያዋ ዘይት የሚቀመጥበት ዓይነት ከሆነች እንዳትቀይሪያት። ታጥባ እስከ ምልክቱ ዘይት ይጨመርባት፤ ለአቧራ ከሷ የተሻለ የለም።

የቀረው በጥድፊያ ነው። አሮጌው ቤንዚን ተቀድቶ ይጣል፤ ታንኩ ይታጠብ። አራት ካንዴላ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችውን ፑንቲና እና ኮንደንሰር ቀይሪ። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ነው። ጎማሽ ጥርስ ቢኖረውም ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብቢ፤ «2312» ካለ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያ ጎማ ሞቷል። የቮልስ ቸርኬ 15 ኢንች፣ ጎማውም ጠባብ ስለሆነ ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል። ዛሬውኑ ማፈላለግ ጀምሪ።

ሠራተኛስ? ኮምፒውተር የሚሰካ ወጣት ለዚህች አይሆንሽም። የሚሆንሽ ፑንቲና በጥፍሩ የሚያስተካክል ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ሐረር አለ። ፔጆ 404 ታክሲዎች ፈረስ መጋላን ለስንት አሥርት ዓመት ሲያመላልሱ በእጁ ያሳደጋቸው ሰው ካርቡሬተርና ፑንቲናን በጨለማ ያውቃቸዋል። 404 በውኃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ የቆርቆሮውን ነገር አንቺው አስታውሺው። ሐረር ከሄድሽ አይቀር የመቀመጫ ልብሱንም እዚያው አሰፊ። እኔ የጣሪያዬን ጨርቅ ያሰፋሁት መኪና ግርግር ነው። ስሙን ሰምቶ ጋራዥ ሠፈር የሚመስለው እንግዳ አይጠፋም፤ ግርግር የሚሉት መኪኖች የልብስ ስፌት ናቸው።

ዕቃ ድሬ ውስጥ መጀመሪያ አሮጌ ቮልስ ያላቸውን ሰዎች ጠይቂ። እነሱ የተረፈ ዕቃ አላቸው፤ ሲወዱሽም ይሰጡሻል። ያልተገኘው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ቮልስ ብራዚልም ሜክሲኮም ስትሠራ ቆይታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ የወጣችው በ2003 እንደ ፈረንጆቹ ስለሆነ ዕቃዋ ከብዙ እኩዮቿ ይሻላል። ፖምፓና የፍሬን ቱቦ ግን ያገለገለ አትግዢ። ፓራፋንጎ፣ መብራት፣ መስታወት ያገለገለ ይሁን፤ ምንም አይደለም።

ብሩን እንዲህ ብመድበው ደስ ይለኛል፤ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚንቀሳቀስ እንደ ሚዛን እዪው። ፍሬን፣ የቤንዚን ቱቦና ጎማ 60 ሺህ። ብየዳ 30 ሺህ። ባትሪ፣ ማቀጣጠያ፣ ዘይት፣ ላስቲክና ቺንጋ 30 ሺህ። የቀረው 30 ሺህ እናትሽ ጋ ይቀመጥ፤ ሲፈታ የሚገኝ ነገር አይጠፋም፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድንም አለ። መለኪያው ቴስታታ ይፈታ ካለ ከብየዳው ላይ ቀንሺ። ለሠራተኛው በአንዴ ሁሉን አትክፈዪ፤ ዕቃውን ራስሽ ግዢ፣ አሮጌውን ተቀበዪ።

ቀለም በዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም። ወንድምሽን እንዲህ በዪው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ራሱ በሳሙና ይጠባት፣ ከዚያ በፖሊሽ ይሻት። የተበየደው ቦታ ላይ ብቻ ፀረ ዝገት ቀብተሽ ተዪው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አሮጌ መኪና የሚንቅ ሰው ቀንሷል። የፋብሪካ ቀለሟ እንዳለ ያለ ቮልስ ደግሞ በርካሽ ከተቀባች ይልቅ ፈላጊ አለው።

ቁልቢ ትደርሳለች ወይ? ፑሌጃው ዝም ካለና ቦክሱ ካልበሰበሰ፣ ሦስት ወር ይበቃል። ግን ታኅሣሥ 19 ቀን የመጀመሪያ ጉዞዋ እንዳይሆን። በዚያ ቀን ደንገጎ ላይ የሚሠለፈው መኪና ታውቂዋለሽ፤ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ መዳህ ለዚህች ሞተር ከሩጫ ይከብዳታል። ሁለት ሳምንት ከቤት ሳትርቂ በሳቢያንና በከዚራ መሐል አመላልሻት። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ብቻዋን ያለ ጭነት ደንገጎ ድረስ አውጪያት። ዳገቱ ላይ በከፍተኛ ማርሽ አታስጨንቂያት፤ ቀንሰሽ ሞተሩን አዙሪው። ማራገቢያው የሚነፋው ሞተሩ ሲዞር ነው።

ላይ ስትደርሺ ጥግ ይዘሽ ቁሚ። ለአንድ ደቂቃ በሚኒሞ ትሥራ፤ ከዚያ አጥፊ። የዘይት መለኪያ ዘንጓን ሳቢና ጫፉን በሁለት ጣትሽ ያዢው። እስከ ሦስት ቆጥረሽ መያዝ ከቻልሽ ደህና ናት፤ ለቁልቢ ተሳፈሪ። ካቃጠለሽና ከለቀቅሽው የጎደለ ቆርቆሮ አለ ማለት ነው፤ ቀዝቅዛ በእርጋታ ትውረድና እንፈልገዋለን።

ለአሁኑ ግን የአራቱን ሲሊንደር ቁጥር ጽፈሽ ላኪልኝ። የ3ኛውን አስምሪበት።